ትርፉ ያለው ሲገዙ ነው፦ ብርቅዬ ዕቃ ገዝቶ በመሸጥ ተጨማሪ ገቢ ስለማግኘት

በዓለም የመጀመሪያው በሙጫ የሚለጠፍ የፖስታ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ጥቁር ነው፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለበት፤ ሰብሳቢዎች ‹ፔኒ ብላክ› ይሉታል። ከ180 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። አንድ ሰው አሮጌ ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ቢያገኘው ሀብታም ይሆናል? አይሆንም። ከ68 ሚሊዮን በላይ ስለታተመ ዛሬም በየጨረታው አይጠፋም። ማኅተም ያረፈበትና ጠርዙን መቀስ የነካው ተራ ቅጂ መካከለኛ ጫማ በሚገዛ ገንዘብ ይገኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ ቴምብር እንይ። በ1856 በያኔዋ ብሪቲሽ ጉያና የታተመ፣ በቀይ ሐምራዊ ወረቀት ላይ ያለ የአንድ ሳንቲም ቴምብር ነው። እስካሁን የሚታወቀው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ያው ቴምብር እንደገና ለጨረታ ቀረበ። ያወጣው 8.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዓለም ላይ መንታ የሌለው ዕቃ ሆኖ እንኳ ባለቤቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወርዶበታል።

እነዚህን ሁለት ቴምብሮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት ሁለት የተለመዱ እምነቶችን ስለሚያፈርሱ ነው። አንደኛው ‹አሮጌ ነገር ውድ ነው› የሚለው ነው። ሁለተኛው ‹ብርቅ ነገር የያዘ ሰው አይከስርም› የሚለው። ዕድሜ ለብቻው ዋጋ አይሰጥም። ብርቅነትም ለብቻው ትርፍ አይሰጥም። ትርፍ የሚወሰነው በስንት እንደገዙት ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ‹እንዴት ልሽጥ› በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን ሥራው ከግማሽ በላይ የሚያልቀው ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነው እላለሁ።

ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ገና ስጀምር ከአንድ ሻጭ የቴምብር አልበም ገዛሁ። ሻጩ ‹በካታሎግ (የቴምብሮችን ዋጋ በሚዘረዝረው መጽሐፍ) ሲደመር ይህን ያህል ያወጣል› አለኝ። ደምሬ አየሁት፤ ድምሩ ልክ ነበር። ልሸጠው ስነሳ ግን የካታሎጉን አንድ አሥረኛ እንኳ የሚሰጠኝ ሰው አጣሁ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካታሎግ ላይ ያለው ዋጋ እንከን የሌለው ቅጂ ከነጋዴ ሱቅ ሲገዛ የሚጠየቀው ነው። በጣም ተራ ለሆኑት ቴምብሮች የሚጻፈው ትንሹ ዋጋ ደግሞ የቴምብሩ እንኳ አይደለም። ነጋዴው አንዷን ቴምብር ፈልጎ፣ ለይቶ፣ በፖስታ አሽጎ ለመላክ የሚያወጣው ድካም ዋጋ ነው። እኔ የገዛሁት አልበም የብዙ መቶ ትናንሽ ድካሞች ድምር ነበር።

ዋጋ ከየት ይመጣል?

አንድ ዕቃ ዋጋ እንዲያወጣ ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት። ጥቂት መሆን አለበት፤ የሚፈልገው ሰው መኖር አለበት፤ ይዞታው፣ ማለትም ዕቃው ያለበት ሁኔታ፣ ጥሩ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብዙ አይረዱም። ማንም የማይሰበስበው ዕቃ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቢሆንም ገዢ የለውም።

ጥቂትነት እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ ጥሩ ታሪክ የአሜሪካ የቤዝቦል ካርዶች ታሪክ ነው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ትልልቅና ያማሩ የተጫዋች ካርዶች አወጣ። የመጨረሻው ዙር የወጣው የውድድሩ ወቅት ሊያልቅ ሲል ስለነበር ሳይሸጥ ተከማቸ። ካርዶቹን የነደፉት የኩባንያው ሰው ሳይ በርገር ቆይተው እንደተናገሩት፣ በ1960 የተረፈው ካርቶን በጀልባ ተጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተጣለ። ከዚያ ዙር አንዱ የሚኪ ማንትል ካርድ ነው። በነሐሴ 2022 እጅግ ጥሩ ይዞታ ያለው አንድ ቅጂ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ይህን የመሰለ ወሬ ሲሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ካርድ እየገዛ ያስቀምጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በርካታ አሜሪካውያን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኩባንያዎቹም ፍላጎቱን አይተው ያለ ልክ አተሙ። ገዢው ደግሞ ካርዱን እንደ ድሮ ልጆች በኪሱ አልዞረበትም፤ በፕላስቲክ ሸፍኖ አስቀመጠው። ዛሬ የዚያ ዘመን ካርድ በካርቶን ተሞልቶ የሚሰጠው ገንዘብ የማጓጓዣውን አይሸፍንም። ሰው ሁሉ የጣለው ነገር ብርቅ ይሆናል። ሰው ሁሉ ያስቀመጠው ግን ብርቅ አይሆንም።

በ1993 ገበያ ላይ የወጡት ‹ቢኒ ቤቢ› የሚባሉት ትናንሽ አሻንጉሊቶችም ያንኑ መንገድ ሄዱ። ኩባንያው አንዳንዶቹን ‹ከእንግዲህ አይመረትም› እያለ ያቋርጥ ነበር። ሰው ለልጆቹ ትምህርት ማስከፈያ ይሆነኛል ብሎ በመቶዎች ገዛ። በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ዋጋው ተንኮታኮተ። ከፋብሪካ ሲወጣ ‹ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ›፣ ‹የተወሰነ እትም› የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ሳይ እኔ እጄን እሰበስባለሁ። የተወሰነ ማለት ስንት ማለት ነው? ቁጥሩ ካልተጻፈ ቃሉ ምንም አይነግረንም።

ፍላጎት ደግሞ ከትውልድ ጋር ይሄዳል። ሰው ገንዘብ መያዝ ሲጀምር ልጅ ሆኖ የወደደውን፣ ያኔ ያላገኘውን ይገዛል። ‹ፖክሞን› የሚባለው የልጆች መጫወቻ ካርድ በጃፓን የወጣው በ1996 ነው። ያኔ ልጅ የነበሩት ዛሬ ደመወዝተኞች ናቸው። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ቤት ሲውል የካርድ ዋጋ ጣራ ነካ። በ2021 የጸደይ ወራት ትልቁ የካርድ ደረጃ መዳቢ ድርጅት ፒኤስኤ የሚጎርፍለትን ካርድ መቋቋም አቅቶት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው እስከማቆም ደረሰ። ከዚያ ዋጋው ከብዙዎቹ ካርዶች ላይ ተራገፈ። በተቃራኒው ተራ ቴምብር ዓመት ከዓመት ገዢ እየቀነሰበት ነው፤ ሰብሳቢዎቹ አርጅተዋል፣ በቦታቸው የሚተካ ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ይህን ልጅ ሆኖ የወደደው ማን ነው? አሁን ዕድሜው ስንት ነው?

የአንድ ጭረት ዋጋ

ይዞታ ጀማሪን በጣም የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ሁለት ሳንቲም ጎን ለጎን አስቀምጠው ለማያውቅ ሰው ያሳዩ፤ ልዩነት አያይም። በዋጋ ግን አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በ1949 ለአሮጌ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚቆጠር መለኪያ አወጣ። ዛሬ የሳንቲም ገበያ በአብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ነው። 1 ማለት ምን ሳንቲም እንደሆነ ለመለየት ብቻ የሚበቃ ያህል የተፋቀ ነው። 70 በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይገኝበት ነው። ለካርዶች የተለመደው ከ1 እስከ 10 ነው። በታዋቂ ካርዶች ላይ በ9 እና በ10 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የማዕዘን መሸረፍ ወይም የኅትመቱ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሳንቲም አይጠቡ። በሳሙናም፣ በሎሚም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በምንም። ሲያብረቀርቅ ዋጋው የሚጨምር ይመስላል። በተቃራኒው ነው። ሲፈተግ የላይኛው ሽፋን ይነሣል፤ ብርሃን ላይ ሲያዞሩት የጭረት ድር ይታያል። የለመደ ገዢ በሰከንድ ያውቀዋል። በዓመታት ውስጥ የመጣው ጠቆር ያለ ቀለም ሰብሳቢው የሚፈልገው ነው። የታጠበ ሳንቲም ወደ ነበረበት የሚመልሰው የለም። አሮጌ መጽሐፍም ላይ ሰው የተቀደደውን የወረቀት ልባስ ጥሎ ጠንካራውን ሽፋን ብቻ ያስቀራል። በብዙ የመጀመሪያ እትሞች ግን ከዋጋው ትልቁ ድርሻ ያለው በዚያ ልባስ ላይ ነው።

ደረጃ የሚመድቡ ድርጅቶች ዕቃውን መርምረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሳሉ። ይህ ገዢው ሳያይ እንዲያምን ይረዳል። ግን ክፍያ አለው፤ የመላኪያና የመድን ወጪ አለው፤ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ተራ ዕቃ ልኮ ከዕቃው ዋጋ በላይ ለማሸጊያው በመክፈል ነው። ከመላክዎ በፊት አንድ ሒሳብ ይሥሩ፦ የምጠብቀውን ሳይሆን ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ቢሰጡኝ አተርፋለሁ? መልሱ አላተርፍም ከሆነ አይላኩ።

ማሸጊያም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ፒኤስኤ በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ የሰጠው ካርድ የተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር የቤዝቦል ካርድ ነበር። በገበያው እጅግ ዝነኛ ከሆኑት ካርዶች አንዱ ነው። በ2013 የጨረታ ነጋዴው ቢል ማስትሮ ካርዱ ደረጃ ከማግኘቱ በፊት ጠርዙን መከርከሙን ለፍርድ ቤት አመነ። ‹ማሸጊያውን ሳይሆን ዕቃውን ግዛ› የሚለው የሰብሳቢዎች አባባል እንዲሁ የመጣ አይደለም።

ፎርጅድ

የውሸት ዕቃ በሚሊዮን ዶላር ደረጃ ብቻ ያለ ነገር አይመስልዎት። ርካሽ ዕቃ ላይ ይብሳል፤ የሚመረምረው የለምና።

እንዴት እንደሚለይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1943 አሜሪካ መዳብ ለጦርነቱ ስለፈለገች የአንድ ሳንቲሙን በዚንክ ከተለበጠ ብረት ሠራች። ቀለሙ ነጣ ያለ ነው። በማሽኑ ውስጥ ቀርተው የነበሩ ጥቂት የመዳብ ጥሬ ሳንቲሞች ግን አብረው ተመቱ። እነዚህ ዛሬ በመቶ ሺዎች ዶላር ይሸጣሉ። ስለዚህ አጭበርባሪው ሁለት መንገድ ያገኛል። አንዱ ተራውን የብረት ሳንቲም መዳብ መለበጥ ነው። ይህን ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ብረቱ ይጣበቃል፣ እውነተኛው መዳብ አይጣበቅም። ሁለተኛው የ1948 ሳንቲም ወስዶ 8ቱን ግራ ጎኑን ፍቆ 3 ማስመሰል ነው። እዚህ ላይ ማግኔት አይረዳም፤ የቁጥሩን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ሚዛንም ይረዳል፤ መዳቡ 3.11 ግራም፣ ብረቱ 2.7 ግራም አካባቢ ነው። በጥቂት ገንዘብ የሚገዙ ሦስት ነገሮች፣ ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና የግራም ሚዛን፣ ብዙ ኪሳራ ያስቀራሉ።

የታሸገ ሣጥንም ያታልላል። ታዋቂው አሜሪካዊ የዩቲዩብ ሰው ሎጋን ፖል የመጀመሪያ እትም የፖክሞን ካርድ ያለበት ነው የተባለ የታሸገ ካርቶን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዕቃው እውነተኛ ነው የሚል ማረጋገጫም ነበረው። በጥር 2022 ሲከፈት ውስጡ የነበሩት የሌላ አሻንጉሊት ካርዶች ናቸው። የሸጠለትም ሰው ራሱ ተታልሎ ነበር። ሊከፈት የማይችል ነገር ሲገዙ የሚገዙት የሻጩን ቃል ነው። ቃሉን ያመጣው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ ይጠይቁ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ዕቃ በ40 ዶላር ገዙ እንበል። ወደ ቤት ለማምጣት 5 ዶላር ከፈሉ። በ70 ሸጡት። ብዙ ሰው ‹30 አተረፍኩ› ይላል። እንቁጠረው። የሽያጭ ድረ ገጹ 13 በመቶ ይወስዳል እንበል፤ 9.10 ሄደ። ማሸጊያና መላኪያ 8 ዶላር። ከ70ው የቀረው 52.90 ነው። ከዚህ ላይ ያወጡት 45 ሲቀነስ 7.90 ይቀራል። ፎቶ ማንሳቱ፣ መግለጫ መጻፉ፣ ለጥያቄ መልስ መስጠቱ፣ ፖስታ ቤት መሄዱ ሁለት ሰዓት ከፈጀ፣ በሰዓት አራት ዶላር እንኳ አልሞላም። ከአሥር ገዢዎች አንዱ ዕቃውን ቢመልስ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ያንኑ ዕቃ በ40 ሳይሆን በ25 ቢገዙት ትርፉ 22.90 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። የሽያጩ ዋጋ አልተለወጠም፤ ድካሙም ያው ነው። የተለወጠው የገዙበት ዋጋ ብቻ ነው። ‹ትርፉ ያለው ሲገዙ ነው› ስል ይህን ማለቴ ነው።

ነጋዴ ‹ዋጋው 100 ነው› ብሎ የሚሸጠውን ዕቃ ከእርስዎ ሲገዛ 50 ወይም 60 ቢሰጥዎ ስግብግብ ነው ብለው አይዘኑ። እሱም ይህንኑ ሒሳብ እየሠራ ነው፤ ኪራይ አለበት፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ዓመት ሊቆም ይችላል። ከዚህ የሚከተለው ግን ከባድ ነው። በሱቅ ዋጋ ገዝቶ ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው ገና ሲገዛ ከግማሽ የሚጠጋውን ከስሯል። ትልልቅ ጨረታዎችም ላይ ገዢው ከመዶሻው ዋጋ (ጨረታው ከተዘጋበት ዋጋ) በላይ ብዙ ጊዜ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ሻጩም ኮሚሽን ይከፍላል። በሁለቱም ጫፍ ይነከሳል።

ከየት፣ እንዴት ይገዛል?

መጀመሪያ ዋጋ ማወቅ። ኦንላይን የተለጠፈ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ምኞት ነው። ተራ ሳንቲም ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተለጥፎ ያዩ ይሆናል። ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። መታየት ያለበት በእርግጥ የተሸጠበት ነው። እንደ ኢቤይ ያሉ ገበያዎች የተጠናቀቁ ሽያጮችን ብቻ ለይተው ያሳያሉ። የጨረታ ቤቶችም ያለፉ ውጤቶቻቸውን ያወጣሉ። ቢያንስ አሥር ሽያጭ ይመልከቱ። ከፍተኛውን አይያዙ፤ ሁለት ሰዎች እልህ ተጋብተው ያወጡት ሊሆን ይችላል። መሀል ላይ ያለውን ይያዙ። አሥር ሽያጭ ካጡ ዕቃው በቀላሉ ገዢ የማያገኝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ገንዘብዎ ይታሰራል።

ቀጥሎ ማጥበብ። ‹ካርድ እነግዳለሁ› ሰፊ ነው። ‹ሳንቲም› ሰፊ ነው። የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ዓይነት ሳንቲም ይበቃል። ወይም የአንድ ዓይነት ሙዚቃ ሸክላ፣ የአንድ ኩባንያ ካሜራ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በጠባብ ነገር ላይ በስድስት ወር ውስጥ ከአብዛኛው ሻጭ የበለጠ ማወቅ ይቻላል። ርካሽ ግዢ የሚገኘው ደግሞ ሻጩ የማያውቀውን ሲያውቁ ነው። ስሙ በስሕተት የተጻፈ ማስታወቂያ፣ በደብዛዛ ፎቶ የተለጠፈ፣ ከማይሆን ዕቃ ጋር በአንድ ካርቶን የታጨቀ፣ እነዚህ ሁሉ እውቀት ላለው ሰው በር ናቸው። በጅምላ መግዛትም ይረዳል። መቶ ሸክላ በአንድ ላይ ገዝቶ አሥሩን ጥሩዎች በነጠላ መሸጥ፣ ሰማንያውን ርካሹን መልሶ በጅምላ መስጠት፣ የቀሩትን ለራስ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው።

ለጀማሪ ደህና የዋጋ ወለል ያላቸው ዕቃዎችም አሉ። ከ1965 በፊት የተሠሩት የአሜሪካ የ10 እና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች 90 በመቶ የብር ማዕድን ናቸው። ሰብሳቢ ባይፈልጋቸው እንኳ የማዕድኑ ዋጋ ይኖራቸዋል። ከዚያ በታች አይወርዱም። ማዕድኑ ራሱ ግን ሊወርድ ይችላል።

አሁን ስለማያውቅ ሻጭ ያልኩት ወዴት እንደሚያደርስ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሱቅ ከፍቶ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ማወቅ ሥራው ነው፤ ከእሱ በርካሽ መግዛት ንግድ ነው። አንዲት አሮጊት የሞተ ባላቸውን ስብስብ አውጥተው ‹ልጄ፣ ስንት ያወጣል?› ብለው ሲጠይቁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ እርስዎ ገዢ ብቻ አይደሉም፤ ሴትየዋ ያላቸው ብቸኛ አዋቂ እርስዎ ነዎት። እኔ እንዲህ ሲገጥመኝ ‹ይህ ይህን ያህል ይሸጣል፤ እኔ ልከፍል የምችለው ይህን ያህል ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ድካምና ትርፍ ነው› እላለሁ። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ይውሰዱት። የሚሸጡልኝ ደግሞ ጎረቤታቸውንም ይልኩልኛል።

አያያዝና ሽያጭ

አያያዝን በአጭሩ። ለስላሳና የሚሸት የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ሳንቲም ላይ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ዝቃጭ ያመጣል፤ ‹ፒቪሲ የሌለበት› የሚል ይግዙ። ፀሐይ የወረቀትን ቀለም ይበላል። እርጥበት ቴምብርን በገዛ ሙጫው ያጣብቀዋል። ሸክላ ይቁም እንጂ አይነባበር፤ ሲነባበር ይጣመማል። ሳንቲም በጠርዙ ይያዛል።

ሲሸጡ እንከኑን መጀመሪያ ይናገሩ። ጭረቱን በቅርብ ፎቶ ያንሱት፤ በመግለጫው ላይ በመጀመሪያው መስመር ይጻፉት። ገዢ ያባርራል ብለው ይፈሩ ይሆናል። የሚያባርረው ቆይቶ ዕቃውን የሚመልሰውን ገዢ ነው። ከላይ እንዳየነው አንድ የተመለሰ ዕቃ የብዙ ሽያጭ ትርፍ ይበላል። ውድ ዕቃ ከሆነ መከታተያ ቁጥርና መድን ሳይኖረው አይላኩ። ሲያሽጉም ፎቶ ያንሱ።

የሚወዱትን ዕቃ መሸጥ መቻልዎንም ራስዎን ይጠይቁ። ሰብሳቢ ሆኖ መነገድ ይከብዳል። ጥሩውን ለራሱ እያስቀረ መናኛውን የሚሸጥ ሰው አልበሙ ይሞላል እንጂ ገቢ አያገኝም። ይህ ነውር አይደለም፤ መሰብሰብ ራሱ ደስታ ነው። ግን ሁለቱን በአንድ ኪስ አያድርጓቸው። እኔ የስብስቤን ሣጥንና የንግዱን ሣጥን ለይቻለሁ። አንድ ዕቃ ከንግዱ ወደ ስብስቡ ካለፈ በገበያ ዋጋው ከራሴ እንደገዛሁት እጽፋለሁ።

ሕግ የሚገባበት ቦታ

ትርፍ ካለ ግብር ሊኖር ይችላል። ሕጉ እንደየአገሩ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ከዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ የሰብሳቢ ዕቃ ትርፍ እስከ 28 በመቶ ሊታክስ ይችላል፤ ይህ ለአክሲዮን ከሚከፈለው ከፍተኛ መጠን ይበልጣል። አዘውትሮ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ እንደ ነጋዴ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ ይያዙ። ደረሰኝ ከሌለ በስንት እንደገዙት ማስረዳት አይቻልም።

ጭራሽ መነገድ የማይቻልባቸውም አሉ። የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1990 ጀምሮ ታግዷል። ከአንድ አገር በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ቅርስም እንዲሁ ነው፤ የዩኔስኮ ስምምነት የተፈረመው በ1970 ነው። በቁፋሮ የተገኘ የሚመስል፣ ምንጩ የማይነገር ጥንታዊ ዕቃ በርካሽ ቢመጣ ይተዉት። ርካሽ የሆነው የተሰረቀ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ከትርፍና ኪሳራም በላይ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ነው።

ባለቤትነት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ የ1933ቱ የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ ያሳያል። ሳንቲሙ ተሠርቶ ለሕዝብ ሳይለቀቅ እንዲቀልጥ ተወሰነ፤ ጥቂቶች ግን ሾልከው ወጡ። ግለሰብ በሕጋዊ መንገድ ሊይዘው የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ በ2021 በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ከዚሁ ዓይነት 10 ፍሬ በባንክ ሣጥን ውስጥ አግኝቶ እውነተኛነታቸው እንዲረጋገጥ ለመንግሥት አስረከበ። መንግሥት ‹የተሰረቀ ንብረቴ ነው› ብሎ አልመለሰም። ዓመታት የፈጀው ክርክር በመንግሥት አሸናፊነት አለቀ።

‹ዋስትና ያለው ትርፍ› ሲባል

በ2006 ስፔን ውስጥ አፊንሳ እና ፎረም ፊላቴሊኮ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች በፖሊስ ተዘጉ። ለሰዎች ቴምብር ይሸጡ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ በተወሰነ ትርፍ ከእናንተ መልሰን እንገዛለን ይሉ ነበር። ቴምብሮቹ የተባለውን ያህል ዋጋ አልነበራቸውም። ለቀደሙት የሚከፈለው በኋላ ከመጡት ገንዘብ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁጠባቸውን ያስቀመጡ ሰዎች ተጎዱ። ከገንዘባቸው ጀርባ ዕቃ ስላለ ደህና ነን ብለው ነበር።

እውነተኛው ቁጥር ምን ይመስላል? ኤልሮይ ዲምሰንና ክሪስቶፍ ስፓንየርስ የተባሉ አጥኚዎች ከ1900 እስከ 2008 ያለውን የብሪታንያ ቴምብር ዋጋ ፈትሸው በ2011 አሳትመዋል። አማካይ ትርፉ በዓመት 7 በመቶ ነው። የዋጋ ንረት ሲቀነስ 2.9 በመቶ ይሆናል። ይህም የመሸጫ ወጪ ሳይታሰብ ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ዝም ብሎ አስቀምጦ የሚከብሩበት አይደለም። ከዚህ በላይ የሚገኝ ገቢ ካለ የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከሠራተኛው ነው፦ ከመፈለግ፣ ከመለየት፣ ከማሸግ።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው ምክር አንድ ነው። ለአንድ ወር ምንም አይግዙ። አንድ ጠባብ ዘርፍ ይምረጡ። ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ሊሸጡ የተለጠፉ ሦስት ዕቃዎችን ይጻፉ፤ አጠገባቸው ‹ይህን ያህል ያወጣል› ብለው የራስዎን ግምት ያስፍሩ። ሲሸጡ እውነተኛውን ዋጋ ከጎኑ ይጻፉ። በመጀመሪያው ሳምንት ግምትዎ ከእውነቱ በጣም ይርቃል። በወሩ መጨረሻ ከአሥሩ ሰባቱን ወይም ስምንቱን ከቀረቡ፣ ቢጠፋ ቤትዎን የማያናጋ ትንሽ ገንዘብ ይዘው የመጀመሪያውን ዕቃ ይግዙ። ካልቀረቡ ደብተሩ ላይ ሌላ ወር ይጨምሩ።